መሀል ላይ የቀሩ መጻሕፍት ልጅ ባለበት ቤት እንዴት ይወራረዳሉ?

ሸርፍ ተራ (ደሴ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንደምን ከርማችኋል። በቀጥታ ወደ ጥያቄው ልግባ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉበት፣ አባትም እናትም ሥራ የሚውሉበት፣ ቅዳሜና እሑድ ለቅሶና ሠርግ የማይጠፋው ቤት ነው። መደርደሪያው ላይ ተጀምረው የተተዉ ዘጠኝ መጻሕፍት አሉ፤ አራቱ ልብ ወለድ፣ ሦስቱ ታሪክ፣ አንዱ ግለ ታሪክ፣ አንዱ ግጥም። ስልክ ላይ «በኋላ አነበዋለሁ» ተብሎ የታጨቀው ደግሞ ለብቻው ነው።

«ጊዜ ፍጠር» የሚል ምክር ይቅርብኝ፤ ጊዜው የለም። ባለችው ስባሪ ደቂቃ ይህን ዕዳ እንዴት ነው የሚያወራርዱት? ከየቱ ይጀመራል፣ የቱ ይተዋል? ከወር በፊት የተዘጋ ልብ ወለድ ሲከፈት ማን ማን እንደነበር ጠፍቶ የሚገኘውስ ምን ይደረጋል? በእጅ የሚሠራ ነገር ንገሩኝ።

መምህር (ወልዲያ)፦

ሁሉንም ከመደርደሪያው አውርድና አልጋ ላይ ዘርጋቸው። በየአንዳንዱ ውስጥ ወረቀት ጣልና ሁለት ቁጥር ጻፍበት፤ የቆምክበት ገጽ እና የቀረው ገጽ። ሰው የሚቆጥረው መጽሐፉን ነው እንጂ ገጹን አይቆጥርም። «ዘጠኝ መጽሐፍ» ተብሎ የሚያስፈራው ዕዳ በገጽ ሲቆጠር ብዙ ጊዜ ከተፈራው ያንሳል፣ ከግማሽ ያለፈ አይጠፋበትምና።

ቀጥሎ ፍጥነትህን ለካ። የስልክህን ሰዓት 10 ደቂቃ ሙላና እንደ ልማድህ አንብብ፤ አትሩጥ። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። የማታው ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ሒሳብህን በማታው ሥራ። አንድ ገጽ በደቂቃ ተኩል የሚያነብ ሰው በቀን 20 ደቂቃ ቢያገኝ 13 ገጽ ይሄዳል፤ ባለ 300 ገጹ በ23 ቀን ያልቃል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ወደ ታሪክ መጽሐፍ እንዳትወስደው። እዚያ የግርጌ ማስታወሻ አለ፣ የትውልድ ሐረግ አለ፣ አንዴ በእኛ አንዴ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት አለ። ለእሱ ለብቻው ለካ።

ኮታውን በሳምንት አውጣው። በቀን 13 ገጽ ብሎ የተነሣ ሰው ማክሰኞ ለቅሶ ከዋለ ረቡዕ 26 ይሆንበታል፣ ረቡዕም ካልሆነለት ሐሙስ 39፤ ዓርብ ላይ መጽሐፉን ማየት ያስጠላዋል። በሳምንት 60 ካልክ ግን ሁለት ቀን ቢቃጠል እንኳ የቀሩት አምስት ቀኖች በ12፣ በ12 ይሸፍኑታል። ሳምንቱ ሳይሞላ ካለፈም አለፈ፤ ቀሪው ወደሚቀጥለው አይዛወርም።

ቅደም ተከተሉ ላይ፣ ከ60 ገጽ በታች የቀረው ይቅደም፤ ይጣፍጥም አይጣፍጥም። ከዚያ ወዲያ በአንድ ጊዜ የሚከፈተው ሁለት ብቻ ነው፤ አንድ ልብ ወለድ፣ አንድ ሌላ። ሁለት ልብ ወለድ ጎን ለጎን ከተያዘ የአንዱ ሰው ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ግጥሙን ከዕዳው አውጣው፤ እሱ በአንድ ጊዜ አንድ ገጽ የሚገለጥ ስለሆነ «ቀረብኝ» የሚባል አይደለም።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)፦

የመምህር ሒሳብ እውነት ነው፤ ግን 20 ደቂቃውን ባንድ ላይ እንደሚገኝ አድርገው ነው የቆጠሩት። ልጅ ባለበት ቤት 20 ደቂቃ የሚባለው አራት አራት፣ አምስት አምስት እየሆነ ነው የሚመጣው። አምስት ደቂቃ አግኝቶ ሁለቱን «የት ነበርኩ» እያለ የሚገልጥ ሰው የቀረው ሦስት ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ራሱ ለመቋረጥ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት።

ዕልባቱን ከብስኩት ካርቶን ቁረጠው። ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከመጽሐፉ 2 ሳንቲ ሜትር ያነሰ፤ ጫፉ ብቅ ካለ ልጅ ይመዘዋል። በአንደኛው ፊት ሰዎቹን መዝግብ። ስም ብቻ መደርደር አይረባም፤ ከማን ጋር ምን እንዳለው ነው የሚጻፈው። ፍቅር እስከ መቃብርን ለምሳሌ ብንወስድ፦

ቦጋለ መብራቱ፣ የበዛብህ አባት።
ውድነሽ በጣሙ፣ እናቱ።
ፊታውራሪ መሸሻ፣ የሰብለ ወንጌል አባት።
ጉዱ ካሳ፣ የፊታውራሪው ዘመድ፣ ልማዱን የሚተቸው።

ላንድ ሰው አንድ መስመር፣ ከአሥር ሰው አይለፍ። ስሙ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ነው የሚመዘገበው፤ አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋው ብዙ ነው።

በሌላው ፊት በቆምክ ቁጥር በእርሳስ አንድ መስመር ጻፍ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው የሆነውን ይጽፋል። «ደብዳቤው ተላከ» ብለህ ብትተወው ከወር በኋላ ምንም አይነግርህም። «ደብዳቤው በማን እጅ እንደሚገባ አልታወቀም» ካልክ ግን ጥያቄው ራሱ ጎትቶ ያስገባሃል። ሊሆን ያለውን ጻፍ። መስመሩን ለማግኘት ደግሞ ባቆምክበት አንቀጽ ጠርዝ ላይ ቀለል ያለች የእርሳስ ነጥብ በቂ ናት። እስክሪብቶ አታስጠጋ፤ የብዙዎቹ መጻሕፍቶቻችን ወረቀት ስስ ነው፣ ቀለሙ በጀርባ ያልፋል።

አሁን ለጠየቅከው፣ ወር ለቆየው። ከመጀመሪያው አትጀምር። ያቆምክበትን ምዕራፍ የመጀመሪያ ገጽ አንብብ፤ ከዚያ ካቆምክበት ሦስት ገጽ ወደኋላ ተመለስና ቀጥል፣ ባይገባህም አሥር ገጽ ሂድ። ደራሲው ራሱ በመሀል ያስታውስሃል፤ ረጅም ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው አንባቢው እንደሚረሳ ያውቃል። አሥሩም ገጽ አልፎ ካልተያዘልህ የቀደሙትን ሁለት ምዕራፎች ንግግር ንግግሩን ብቻ እየለቀምክ ውረድባቸው። እንደገና «ሀ» ብሎ መጀመር የመጨረሻው ነው። የመጀመሪያዎቹን 80 ገጾች ሦስት ጊዜ አንብቦ መጨረሻውን የማያውቅ ሰው ስንቱ ነው!

ለምታጠባ እናት አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፉን በሁለት የልብስ መቆንጠጫ፣ ግራና ቀኙን ከላይ ቆንጥጣችሁ ትራስ ላይ አስደግፉት። አንድ እጅ ይበቃል፣ ገጽ ለመገልበጥ ብቻ አንዱን መንቀል ነው። ገና ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ የራሳችሁን መጽሐፍ ድምፅ አውጥታችሁ ብታነቡለት ግድ የለውም፤ እሱ የሚፈልገው ድምፃችሁን ነው።

ኮምቦልቻ መንገድ፦

አሰላሙ አለይኩም። ደሴና ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ካለ ለሱ ነው የምጽፈው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ዶሮ መዝለያ ላይ ሚኒባሱ ሲጠማዘዝ መጽሐፍ መግለጥ አይታሰብም። ዓይን ገጹ ላይ ስለተተከለ «ቆሜያለሁ» ይላል፣ የውስጥ ጆሮ «እየዞርኩ ነው» ይላል፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሰውየውን ያቅለሸልሸዋል። ትረካ ስማ፣ ዓይንህን ከሩቁ ተራራ ላይ አሳርፍ።

ስልኩ ትንሽ ነው የምትሉ፣ ለንግግር ብዙ ቦታ አይፈጅም። በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት የተቀዳ ትረካ ለአንድ ሰዓት 29 ሜጋ ባይት ገደማ ነው የሚይዘው፤ የ12 ሰዓት መጽሐፍ 350 አይሞላም። ወደ 32 አውርዳችሁ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) ብትለውጡት ግማሽ ይሆናል። የጥራቱ መቀነስ ሙዚቃ ላይ ይሰማል፣ ሰው ሲያወራ ግን ብዙም አይታወቅም። በየምዕራፉ የተቆራረጠውን፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚሆነውን ምረጡ። አንድ ወጥ የ12 ሰዓት ፋይል ከሆነ ማጫወቻው አንዴ ቦታውን ከሳተ ፍለጋው ያማርራል።

ፍጥነቱን 1.25 ላይ ብታደርጉት 12 ሰዓቱ 9 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሆናል። 1.5 ላይ ግን ለአማርኛ አልመክርም፤ የጠበቀውና የላላው ይደባለቅና ዓረፍተ ነገሩ ይበላሻል። ማታ የምትሰሙ የመተኛ ሰዓቱን 15 ደቂቃ ላይ ሙሉ፣ ያለዚያ ሦስት ምዕራፍ ሳትሰሙት ያልፋል። በማግስቱ ሁለት ደቂቃ መልሳችሁ ጀምሩ።

እንጀራ ጋገራ ላይም ይሆናል። አንዱ እንጀራ አክንባሎ ሥር የሚቆየው ሁለት ሦስት ደቂቃ ስለሆነ መጽሐፍ ለመግለጥ አይበቃም፣ እንፋሎቱም ገጹን ያኮማትረዋል፤ ጆሮ ግን ያን ጊዜ ሁሉ ነፃ ነው። ማዳመጫውን በአንድ ጆሮ ብቻ፤ ሌላው ለልጅና ለእሳት።

ወረኢሉ፦

መስማት ማንበብ አይደለም። በጆሮ የገባ በጆሮ ይወጣል። ዕዳዬን ከፈልኩ ብሎ ራስን መደለል ነው።

መምህር (ወልዲያ)፦

ወረኢሉ፣ ግማሽ ልክ ነህ። ዓመተ ምሕረት፣ የቦታ ስም፣ ክርክር የበዛበት መጽሐፍ በጆሮ አይያዝም፤ ወደኋላ መለስ ብሎ ማየት ይጠይቃል። ሦስቱን የታሪክ መጻሕፍት በወረቀት ያንብባቸው። ትረካ ያለው ልብ ወለድ ግን ሌላ ነው። ወሎ ላይ መስማት ዝቅ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም። መንዙማ በጆሮ ነው የሚያዘው፤ የሼህ ሁሴን ጅብሪል ግጥምም ወረቀት ላይ ከመውጣቱ በፊት በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ነው የመጣው። ፍቅር እስከ መቃብርን ራሱ፣ በ1958 ታትሞ ወጥቶ፣ መጽሐፉን በእጁ ይዞት የማያውቅ ስንቱ ሰው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው ያወቀው።

የሚሻለው ማቀላቀል ነው። የታተመውም ትረካውም ካለህ፣ በመጽሐፉ ማውጫ ላይ በየምዕራፉ ጎን የድምፅ ፋይሉን ቁጥር ጻፍ። መንገድ ላይ ሰባተኛውን ከሰማህ ማታ ስምንተኛውን ከወረቀት ትጀምራለህ።

ወረኢሉ፦

የታሪኩን ካመኑልኝ ይበቃኛል መምህር።

በረካ (ሐይቅ)፦

ልጆቼ፣ ስለ ቡና ማንም አላነሣም። ጎረቤት ተጠርቶ አንዱ ጥግ ይዞ ለራሱ ገጽ የሚገልጥ ከሆነ ነውር ነው፤ ስልክ ከሆነማ የባሰ። ድምፅ አውጥቶ ለሁሉም ካነበበ ግን ነውር የሚለው የለም፤ «ቀጥል» ነው የሚባለው።

ሰዓቱን ማወቅ ነው። አቦሉ ከተቀዳ በኋላ ጀበናው ተመልሶ እሳት ላይ ይጣዳል። ቶናው እስኪፈላ አሥር ደቂቃ ያህል አለ፤ ከሰል ላይ ከሆነ ይበልጣል። በድምፅ የሚነበብ ገጽ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ስለሚፈጅ አራት ገጽ ይነበባል፣ ከዚያ በላይ አትመኙ። ከማንበቡ በፊት ያለፈውን ከአድማጮቹ አንዱ ይናገር፤ አንባቢው አይናገር። ሌላው ሲናገር የረሳው ይታወሳል፣ ያልገባውም ይገለጣል። አራቱን ገጽ አስቀድሞ በዓይን ማየት ግድ ነው። ልጅም አዛውንትም በተቀመጡበት መነበብ የሌለበት ነገር መሀል ላይ ብቅ ሲል ገጹን ዘሎ ማለፍ ያስታውቃል።

ንግግር የበዛበት ታሪክ፣ አጭር ልብ ወለድ፣ የጉዞ ማስታወሻ ለዚህ ጥሩ ነው። የተፈጥሮ ገለጻ የበዛበት ሰውን ያስተኛል። በረካ ላይ ግን መጽሐፉ ይዘጋ። እሱ የጨዋታና የምርቃት ነው፤ ዱዓ ሊደረግ እጅ ተዘርግቶ ሳለ ጣቱን ገጽ መሀል ሰክቶ የሚጠብቅ ሰው ደስ አይልም።

ሸርፍ ተራ፦

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልን፤ የቡናውን ነገር አስቤው አላውቅም። መምህርና ቧንቧ ውሃም አላህ ይስጣችሁ። አሁን የቀረኝ የሚተወው ነው። ከአራቱ ልብ ወለዶች አንዱ ከ70 ገጽ በኋላም አልያዝ ብሏል።

ጃማ፦

ናንሲ ፐርል የምትባል አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ያወጣችው ሕግ አለ። ዕድሜህ እስከ 50 ከሆነ 50 ገጽ አንብብ፤ ካልያዘህ ያለ ጸጸት ተወው። ከ50 በላይ ከሆንክ ዕድሜህን ከ100 ቀንስ፤ የ62 ዓመት ሰው 38 ገጽ ካነበበ ይበቃዋል። ጊዜ እያጠረ ሲሄድ ትዕግሥቱም ይጠር ነው ነገሩ። አንተ 70 ደርሰሃል፤ ይሸኝ።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)፦

ይህ ሕግ ለእኛ ረጃጅም ልብ ወለዶች አይስማማም። ብዙዎቹ ከወላጅ፣ ከአገሩ፣ ከዘመኑ ነው የሚነሡት። ያው ያነሣነው መጽሐፍ እንኳ የሚጀምረው በቦጋለና በውድነሽ ነው፤ በ50 ገጽ የሚፈርድ ሰው ሰብለ ወንጌል ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። የገጽ ቁጥር ከምትይዝ የመጽሐፉን አንድ አምስተኛ ያዝ። ባለ 250 ከሆነ 50 ነው፣ ባለ 500 ከሆነ 100። እዚያ ደርሰህም ስለ ማንኛቸውም ሰው «ምን ይሆን?» የሚል ነገር ካልመጣብህ ዝጋው።

የተተወ መጽሐፍ ደግሞ መደርደሪያው ላይ አይመለስ። እያየህ ይቆጭሃል። ለሌላ ሰው ስጠው፣ ወይም ካርቶን ውስጥ አስገብተህ ቀን ጻፍበት።

አራዳ ሞባይል፦

ስለ ስልኩ እኔ ልናገር፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። «ስልክ ላይ አማርኛ ማንበብ ያደክማል» የሚባለው በአብዛኛው የፋይሉ ጣጣ ነው። ሦስት ዓይነት ፋይል አለ።

አንደኛው ኢፐብ ነው። ፊደሉን ብታሳድገው መስመሩ ራሱ ይታጠፋል፤ ካገኛችሁት እሱን ያዙ። ሁለተኛው በዩኒኮድ፣ ማለትም ስልክም ኮምፒውተርም በሚያውቀው የጋራ የፊደል ኮድ፣ የተጻፈ ፒዲኤፍ ነው። ሦስተኛው ጉደኛው ነው፤ የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የጽሕፈት ፕሮግራሞች ሲጻፍ የኖረው ሁሉ ከሥሩ የላቲን ፊደል ነው። ዓይን አማርኛ ያያል፤ ማሽኑ የሚያየው ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ ቃል ብትፈልግበት አያገኝም፣ መስመሩን እጠፍ ብትለው ዝባዝንኬ ያወጣል፣ በድምፅ አንብብልኝ ብትለውም አይሆንም። መለያው ቀላል ነው። አንድ ቃል ቅዳና መልእክት መጻፊያ ላይ ለጥፍ፤ አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው። ምንም የማይቀዳ ከሆነ ደግሞ ፎቶ ነው ማለት ነው።

ለፎቶውና ለአሮጌው ፊደል ያለው መላ ስልኩን አግድም ማድረግና የገጹን ነጭ ጠርዝ መቁረጥ ነው። ሪድኤራ የሚባለው የማንበቢያ መተግበሪያ ላይ ጠርዝ መቁረጫ አለ፤ ነጩ ጠርዝ ሲወጣ አንሶ የነበረው ፊደል ወዲያው ይጎላል። ማሳወቂያዎቹን በአውሮፕላን ሁኔታ አጥፋቸው። አንዲት የቴሌግራም ድምፅ አምስቱን ደቂቃ ይዛ ትሄዳለች።

ለ«በኋላ አነበዋለሁ»ው፣ ሦስት ወር የሞላውን ሳትከፍት ሰርዝ። ለዜና ሦስት ወር ሙሉ ዘመን ነው። የቀረውን ከፍተህ ከሁለት ስክሪን የሚረዝመውን ብቻ አስቀር፣ አጭሩን እዚያው ጨርሰው።

አንድ ነገር ግን፣ አዳዲስ መጻሕፍትን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም የሚበትነውን ሊንክ እዚህ እንዳትለጥፉ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት እስካለ ድረስና ካረፈ በኋላም 50 ዓመት የተጠበቀ ነው። የሞተ ደራሲ መጽሐፍ ሁሉ የማንም አይደለም ማለት አይደለም።

ጠራዡ (ደሴ)፦

ስለ ማንበቡ ብዙ አላችሁ፤ መጽሐፉ ራሱ ካልቆየ ግን ምኑ ይነበባል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት የሚገባባት ከተማ ናት። የተተወ መጽሐፍ ደግሞ ሳይነካ ስለሚቆም ለሻጋታ የመጀመሪያው ነው።

መደርደሪያውን ወደ ውጭ ከሚያየው ግድግዳ አንሡት፤ ጭቃ ቤት ከሆነ የግድ። በግድግዳውና በመጽሐፉ ጀርባ መሀል 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ይራቅ። መጻሕፍቱን አታጨናንቁ፤ ጣት የማያስገባ ከሆነ አየርም አያስገባም። በክረምት በሳምንት አንዴ እያወጣችሁ ፈርፈር አድርጓቸው።

ሻጋታ የያዘውን ቤት ውስጥ አታራግፉት፤ ብናኙ ወደ ደህናው ይዘምታል፣ ለልጆቹ ትንፋሽም አይበጅም። መጀመሪያ ጥላና ንፋስ ያለበት ቦታ አቁማችሁ አድርቁት። ሲደርቅ ደጅ አውጡና አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ በለስላሳ ብሩሽ ከጀርባው ወደ ውጭ ጥረጉ። እርጥቡን መጥረግ ሻጋታውን ወረቀቱ ውስጥ ማሸት ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት የሚወዱ አሉ፤ ወረቀቱ ይቆለመማል፣ ይቢጫል፣ የጀርባው ኮላም ይሰነጠቃል።

ልጅ ውሃ ወይም ሻይ የደፋበት ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለባችሁ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ መሻገት ይጀምራል። በየ20 ገጹ ሶፍት አስገቡ፣ ሲርስ ቀይሩት፣ ገጾቹን ከፈት ከፈት አድርጋችሁ አቁሙት። ሊደርቅ ሲል ከባድ ነገር ጫኑበት።

እንደ ኮምቦልቻ ሞቅ ባለው አገር ጠላቱ ምስጥና ብል ነው። ልጅ ባለበት ቤት ናፍታሊን መጽሐፍ መሀል አትጣሉ፤ ከረሜላ ይመስላል፣ መርዝ ነው። ፍሪዘር ያለው ሰው ብል የገባበትን መጽሐፍ በላስቲክ አጥብቆ ጠቅልሎ ሁለት ሳምንት ያቆየው፤ ሲያወጣው ላስቲኩን ለአንድ ቀን አይክፈት፣ ወበቁ ወረቀቱ ላይ እንዳያርፍ።

ሰኞ ገበያ፦

ለአዳዲሶቹ መጽሐፍ ዋጋው አይቀመስም። ስድስት ሰው ሆኖ እንደ ዕቁብ ማድረግ ያዋጣል። እያንዳንዱ አንድ መጽሐፍ ይገዛል፣ በየሦስት ሳምንቱ ወደ ቀጣዩ ይተላለፋል፤ በ18 ሳምንት ስድስቱም ስድስቱን አንብበዋል። የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ «ትንሽ ቀረችኝ» ብሎ ሲያቆይ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ሕጉ፣ አለቀም አላለቀም በቀኑ ይተላለፋል። ያላለቀለት ዙሩ ሲያበቃ መልሶ ይወስዳል። የጠፋ በዚያው መጽሐፍ ይተካል፤ ገበያ ላይ ከሌለ በሌላ፣ ባለቤቱ በመረጠው። ዳኛ አንድ ሰው ይሁን፤ ስድስት ዳኛ ካለ ዕቁቡ ይፈርሳል።

ከ350 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አይግባ። ልጅ ያለው ሰው በሦስት ሳምንት አይዘልቀውም።

ሸርፍ ተራ፦

ሁለት ጥያቄ ብቻ። መብራት ሲሄድ ልጆቹን ሳይቀሰቅሱ እንዴት ይነበባል? ትንሹ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ መጽሐፍ ባየ ቁጥር መንጠቅና መቅደድ ይዟል። አንዱ ልብ ወለድ ላይ ሁለት ገጽ ወልቋል።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)፦

ሻማ ልጅ ካለበት ክፍል አይግባ፤ እንቅልፍ ይጥልሃል፣ እሱ ይነዳል። ግንባር ላይ የሚታሰረውን ባትሪ በዝቅተኛው ብርሃን አድርገህ ወደ ገጹ አዘንብለው፤ መብራቱ ካንተ ዓይን ጋር ስለሚዞር ከገጹ ሌላ ክፍሉን አያበራም። በጣም ነጭ ከሆነ ስስ ቢጫ ወረቀት ለጥፍበት። የስልክ ባትሪ አብርቶ በአፍ መያዝ የሚባለው ይቅር።

ለትንሹ የራሱ መጽሐፍ ይኑረው፤ ወፍራም ካርቶን ገጽ ያለው። የሚነጥቅህ ያንተን ፈልጎ ሳይሆን እጅህ ላይ ያለውን ፈልጎ ነው። አንተ ስትከፍት ለሱም ክፈትለት። ትልቁ ስድስት ዓመት ከሆነው «ሁሉም የየራሱን» ብላችሁ በአምስት ደቂቃ ጀምሩ፤ በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ መጨመር ነው። ከ15 በላይ አትግፉት። ስልክ እንዳይሆን፤ አንተ ስልክ ላይ ብታነብም ልጅ የሚያየው ስልክ ነው።

ጠራዡ (ደሴ)፦

የወለቀውን በፕላስተር እንዳትለጥፈው። ዓመት ሳይሞላ ይቢጫል፣ ሙጫው አጠገቡ ያለውን ገጽ ይይዛል፣ ሲነሣም ፊደሉን ይዞ ነው የሚነሣ።

ነጩን የእንጨት ኮላ ግዛ፤ ትንሿ ትበቃለች። መጽሐፉን ገጹ በወለቀበት ቦታ ክፈትና አሮጌውን የኮላ ፍርፋሪ በጥርስ መፋቂያ አጽዳ። ለሙከራ ገጹን ያለ ኮላ አስገብተህ እይ፤ ጠርዙ ከሌሎቹ ወጥቶ ከታየ ከሚጣበቀው ወገን አንድ ሚሊ ሜትር ከርክም። ከዚያ በመፋቂያው ጫፍ በገጹ የውስጥ ጠርዝ ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር ያልሰፋ መስመር አስምር። ኮላው ከበዛ ተርፎ ይወጣና ሦስት አራት ገጽ ባንድ ላይ ያያይዛል፤ የሰው እጅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እስከ ጀርባው ድረስ ግፋው፣ በሁለቱም ፊት የላስቲክ ቁራጭ ጣልበት፣ ዝጋና አምስት ኪሎ የሚሆን ነገር ጫንበት፤ ዱቄት የያዘ ከረጢት ይሆናል። ሌሊቱን ይደር።

ሁለቱ ገጾች ተከታታይ ከሆኑ አንዱ ከደረቀ በኋላ ነው ሌላው። ከአሥር ገጽ በላይ ከወለቀ ግን በኮላ አትልፋ፤ ጀርባው ስላለቀ ጠራዥ ጋ ወስደህ በክር ይሰፋልህ።

ሰኞ ገበያ፦

ጠራዡ፣ የዕቁቡ መጻሕፍት ገና አዲስ ሳሉ ቢሸፈኑ ይሻላል? ላስቲክ ወይስ ካኪ?

ጠራዡ (ደሴ)፦

ካኪ። ላስቲክ ወበቅ ይይዛል፣ በክረምት ሽፋኑ ሥር ይሻግታል። ካኪውን ግን መጽሐፉ ላይ አትለጥፉት፤ ጠርዙን ወደ ውስጥ 6 ሳንቲ ሜትር አጥፋችሁ ሽፋኑን እንደ ኪስ አስገቡበት። ሲቆሽሽ አውጥቶ መቀየር ነው፣ ጀርባው ላይም ተራ ቁጥሩንና የማስተላለፊያውን ቀን ለመጻፍ ይመቻል።